በጤፍ የከረመች ማጫወቻ

ኑ እስቲ፣ አረፍ በሉ። ወንበር ያልደረሰው መደቡ ላይ ይቀመጥ። ዛሬ የማሰማችሁ የአንድ ሰው ንግግር ብቻ ነው። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ምን እንዳለ የሰማው ጋሽ ባዬ ብቻ ነበርና፣ እኛ ከመልሱ እያየን እንከተላለን።

ጋሽ ባዬ ፍኖተ ሰላም የሚኖር፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ የማያይ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ኮምፒውተር የተጻፈበትን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብ የሚያደርገውን ስክሪን ሪደር የሚሉትን ነገር አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ከአዴት እስከ ቡሬ ያለ ዓይነ ስውር ዕቃው አልታዘዝ ሲለው ለእሱ ይደውላል። የዚያን ቀን ቅዳሜ ነው፤ በማግሥቱ ኒቆዲሞስ፣ ከሆሣዕና በፊት ያለው እሑድ። ባዬ ጋቢውን ለብሶ፣ ባለቤቱ እህተ ማርያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጅጋ ለቅሶ ሊደርሱ ባጃጅ ይጠብቃሉ። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ፤ የደዋዩንም ስም ጠራ፦ «ዲያቆን ስመኘው»።

— ሄሎ? … አቤት ስመኘው፣ እንዴት አደርህ? … እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። … ምነው ድምፅህ? … ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ቆመህ ነው የምታወራኝ? … ቁጭ በል መጀመሪያ። የቆመ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማ። … ተቀመጥህ? በል አሁን፣ ሳትቸኩል።

— ማጫወቻዋ አልነሣም አለች? … እህል ውስጥ ሦስት ቀን አሳደርሃት? … አዎ፣ እኔ ነኝ ያልሁህ። ደረቅ እህል እርጥበት ይስባል ብዬሃለሁ። … ዛሬ ስታወጣት ጭራሽ ዝም። … ቻርጀር ስትሰካባትስ? … እሱንም አልቀበል አለች።

— ስመኘው፣ አታልቅስ። … እንባ ደግሞ እርጥበት ነው፣ ይጨመርባት? … እህ፣ እንደሱ ሳቅ። … ሌላ ቦታ አልቀዳኸውም? በማንም ስልክ? … አንድም የለም። እሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስመኘው ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ደብር ዜማ የሚማር፣ እንደ ባዬ ዓይነ ስውር ነው። መምህሩ የኔታ ወልደ ሥላሴ በጥር አንድ ጧት ግማሽ ጎናቸው ታስሮ፣ አንደበታቸው ተይዞ ተገኙ። ደግነቱ ከዚያ በፊት የሆሣዕናውን ዜማ በዚያች መዳፍ በማትሞላ ማጫወቻ ቀድተውለት ነበር። ሆሣዕና ስምንት ቀን ቀርቷታል። የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉትን አካሄድ ይዞ የሚያወጣ ሌላ ሰው በደብሩ የለም፤ የቀደሙት ተማሪዎች ገሚሱ አርፏል፣ ገሚሱ አገር ቀይሮ ዜማውን ከሌላ ቤት ደባልቆታል። ማጫወቻዋ ከሞተች፣ የኔታ በሕይወት ሳሉ ዜማቸው ቀድሟቸው ይሞታል።

— አሁን የት ነህ? … ቡሬ! ትምህርት ቤቱ? … እሰይ፣ ጀግና። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል? … ማን ከፈተልህ? … መሰረት፣ የቤተ መጻሕፍቷ። ቅዳሜ መጥታልህ? እግዜር ይስጣት። እስከ ስንት ሰዓት ትቆይልሃለች? … እስከ ስድስት። — እህተ! እህተ ማርያም! ስንት ሰዓት ሆነ? — አምስት ከሩብ ትላለች። ይበቃናል።

— ምን? … አይ፣ አንተን አይደለም፣ ባጃጁ መጣ እያለችኝ ነው። — እህተ፣ ትንሽ ይጠብቅ በይው። … አውቃለሁ ለቅሶ እንደሆነ። ለቅሶው እስከ ማክሰኞ የትም አይሄድም፤ የዚህ ልጅ ጉዳይ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ይቆለፍበታል። … እንደሱ አትዪኝ፣ በሞቴ።

— ሄሎ፣ ስመኘው? አለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ከሦስት ቀን በፊት ስትደውል ዝናብ ነካት ብለኸኝ ነበር። … የምን ዝናብ? የት የዘነበ? እዚህ ሰማዩ እንደ ምጣድ ነው። … ስመኘው። … ለነፍስ አባትህ ብትደብቅ ንስሐ አለልህ። ለእኔ ብትደብቅ ግን የምትከፍለው ማጫወቻዋን ነው። … እ? … ኪስህ ውስጥ? … ሸሚዙን ከነማጫወቻዋ አጠብኸው? … በሳሙና!

— አልሳቅሁም። … አልሳቅሁም ወንድሜ፣ ሳል ነው። … አሽተህ፣ ጨምቀህ፣ ድንጋይ ላይም መትተሃት? … አልመታሃትም? ተመስገን! እንግዲህ ከጥምቀት እንጂ ከድብደባ አልደረሰችም።

— በል፣ ሥራ እንጀምር። ገመዱን ማጫወቻዋ ላይ ሰካ። … ሌላውን ጫፍ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ። … ሰካህ? አሁን ስልክህን ኮምፒውተሩ ድምፅ ከሚያወጣበት ላይ አስጠጋልኝና አንተም ዝም በል። እኔ ልስማው።

ባዬ አንደኛውን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ሌላውን ስልኩ ላይ ለጠፈ። በመንገዱ ላይ የፈረስ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ፤ እስኪርቅ ጠበቀ።

— ምንም። … አዲስ ዕቃ ሲሰካበት ዱ-ዱም የምትል ድምፅ ነበረችው፤ እሷን ነው የምጠብቀው። … እስቲ ስክሪን ሪደሩ ራሱ በሕይወት ካለ እንይ። ወደ ታች የምታመለክተውን ቀስት አንድ ጊዜ ጫን። … እ፣ ሰማሁት። ድጋሚ። … አለ፣ ያወራል። የሰካንበትን ብቻ አያውቅም። በወዲያኛው በኩል ሌላ ቀዳዳ አለ፣ እዚያ ሰካው። … አስጠጋኝ። …

— ዝም። … ማን ናት? መሰረት? ምን አለች? … «ሞታለች፣ አትልፉ»? በየቱ ዓይኗ አየች? … ስክሪኑን አይታ። ስክሪኑ እኮ ያልነገሩትን አያውቅም። በልልኝ፣ ጋሽ ባዬ የሞተ ነገር በወሬ አይቀብርም ብሏል። … ሳቀች? ጥሩ። የሳቀ ሰው ቶሎ አይቆልፍም።

— አሁን ዓይን ያለው ሰው የማያደርጋትን ነገር እናድርግ። ገመዱ ማጫወቻዋ ውስጥ የገባበትን ቦታ በአውራ ጣትህ ጥፍር ዳስሰው። ቀስ ብለህ፣ ዙሪያውን። … አንገቱ ድረስ ገብቷል? ወይስ መሐል ላይ ክፍተት አለ? … አለ? የምን ያህል? … የጥፍር ውፍረት። … አይ! በኃይል አትግፋው! … ድሮስ ይገባ ነበር? እስከ አንገቱ? … ይገባ ነበር። እንግዲያ ከውስጥ የተቀመጠ እንግዳ አለ።

— ስመኘው። … የቀበርሃት ምን እህል ውስጥ ነው? … ድገመው? … ጤፍ!

ባዬ ግንባሩን በመዳፉ መታ። እህተ ማርያም ምን ሆነ ብላ ከደጅ ተመለሰች።

— እኔ እኮ እህል ስልህ በቆሎ ታስገባታለህ ብዬ ነው … ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሞላ ያለ ነገር … አዎ፣ እህል ነው ያልሁ። በቆሎ አላልሁም። ልክ ነህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በአንተ አልፈርድም። … ማን መረጠው? … የሰበካው እናቶች? … «ለየኔታ ድምፅ በቆሎ አይመጥንም» ብለው? … ማኛ ጤፍ! ከአራት ቤት ተዋጥቶ! … ነፍተው፣ አበጥረው! … ወይ እናቶች፣ ወይ እናቶች። አክብረው ቀበሯታ።

— እህተ፣ ጤፍ ውስጥ ነው የቀበሯት። … አዎ። … አትሳቂ፣ ሞያው የእኔ ነው። — ስመኘው፣ ስማኝ። ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። እርጥብ ማጫወቻ ውስጥ ገብቶ እርጥበቱን ጠጥቶ አብጦ ተቀምጧል። ለዚህ ነው ቻርጅ ያልያዘች፤ ገመዱ አልነካትማ። ርቧት ነው እንጂ አልሞተችም። … እርግጠኛማ አይደለሁም። ግን እንደ ሞተች የሚነግረኝ ነገር እስካሁን አልሰማሁም።

— ገመዱን ንቀለው። ከማጫወቻዋም ከኮምፒውተሩም። … አሁን ቀጭን እንጨት ያስፈልገናል። … መርፌ አይሆንም! ብረት አይገባባትም። … ስቴኪኒ። ጥርስ የሚጎረጉሩበት። … መሰረት ቦርሳዋ ውስጥ አላት? … ከሻይ ቤቱ ልታመጣ ሄደች? እቺ ልጅ ትባረክ። «ሞታለች» ያለችውን ይቅር ብያታለሁ።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … እ፣ መጣህ። መስመሩ ነው። … አመጣች? ጎበዝ። ማጫወቻዋን በግራ እጅህ አፏን ወደ ታች ደፍተህ ያዝ። አፏ ወደ መሬት ካላየ የነቀልኸው ተመልሶ ይገባል። ከሥር መሰረት መዳፏን ትዘርጋልህ። … አሁን ስቴኪኒዋን በግድግዳው ጥግ አስገባ፣ በመሐል አይደለም፤ መሐሉ ላይ ምላስ የመሰለች ቀጭን ነገር አለች፣ እሷ ከተሰበረች ጨረስን። … ነካሃት? እሷን ተዋት። በጎኗ እለፍ። … ጫር፣ ጫር። … ወደቀች? … አንድ! … ቀጥል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ አንተ ደግሞ ከቸኮልህ ሌላ ማጫወቻ የለህም። … ሁለት … ሦስት አንድ ላይ! …

— በአፍህ እፍ አትበልባት። … ምራቅ ይገባታላ፤ ሁለተኛ ልታጥባት ነው? … አዎ፣ በጣትህ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አድርጋት፣ ሕፃን እንደምታስገሳ። … ስድስት። … ከእንግዲህ የሚወጣ የለም? እሺ፣ እንሞክር። ሰካው። … አስጠጋኝ።

ከቡሬ፣ ከኮምፒውተሩ አፍ፣ ሁለት ቀጫጭን ድምፆች ተከታትለው ወጡ። የባዬ ፊት ገና ከመፍካቱ ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ አንድ ረዥም ነገር አነበበ።

— እጅህን አንሣ! … ሁለቱንም እጅህን ከቁልፎቹ ላይ አንሣ! አንሣ አልሁህ! … አነሣህ? ማውሱንስ ማን ይዞታል? … መሰረት? … ስልኩን ስጣት። ስጣት! — መሰረት ልጄ፣ ባዬ እባላለሁ። እባክሽ እጅሽን አንሺ። … አውቃለሁ ለመርዳት ነው። … አዎ፣ «እሺ» የሚል ነገር መጥቷል፣ ሰምቼዋለሁ። ምን እያለሽ መሰለሽ? ይህን ቤት ጠርጌ፣ አጽድቼ፣ ባዶውን ላስረክባችሁ ወይ እያለ ነው። አንቺ እሺ ካልሽው የየኔታን ድምፅ ነው ጠርጎ የሚያወጣ። … አዎ። … አዎ፣ በአንድ ጫና። … አይዞሽ፣ አይዞሽ። አልነካሽውም አይደል? … አልተቆጣሁም። … ተቆጥቻለሁ እንጂ፤ ይቅር በይኝ። ሽማግሌ ሲደነግጥ ይጮኻል። አሁን ስልኩን መልሽለት።

— ስመኘው፣ ከቁልፎቹ ሁሉ ከላይ በግራ ጥግ፣ ብቻዋን የምትገኘውን። ኢስኬፕ። እሷን ብቻ። … አንድ ጊዜ። … ጠፋ? ስማው፣ ዝም አለ? … ተመስገን።

— አይ፣ አልጠፋም። ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ሁሉ አትመን። ቃሏ ተቆራርጦ ስለ ደረሰው ባዶ መሰለችው። የሚንተባተብ ሰው ሁሉ የሚናገረው የለውም ይባላል? … ገመዱን ዳስሰው። አሁንስ ክፍተት አለ? … ትንሽ። የወረቀት ያህል። … አንዲት ቀርታለች። አንዲት ብቻ፣ ከታች ተጣብቃ። ንቀለውና ደግመን እንግባ።

— ባጃጁ ጥሩምባ እየነፋ ነው? … እኔም ሰምቼዋለሁ። — እህተ፣ ሞተሩን ያጥፋ በይው፤ ነዳጁን ለምን ያቃጥላል? … ብቻሽን ልትሄጂ? … እሺ አትሂጂ። … ነይ ተቀመጪ እንግዲህ፣ አንቺም ስሚ።

— የት ደረስህ? … ትነካታለህ ግን አትወጣም። ጠንካራ ናት ወይስ ለስላሳ? … ለስላሳ፣ የበሰለች። እንግዲያ በጫፍ አትውጋት፣ ትደቀቅብህና አለቀላት። ስቴኪኒዋን ገልብጠህ በወፍራሙ በኩል ከኋላዋ ግባ፣ እንደ ማንካ። … ተንፍስ። የኔታ ዜማ ስታጠፋ ምን ይሉህ ነበር? … «ከሥር ጀምር»። እና ከሥር ጀምር። … ቀስ። … ቀስ ወንድሜ። …

— ወጣች? … ወጣች! … የመሰረት መዳፍ ላይ ናት? ስንት ሆኑ? ሰባት? … እሰይ! ሰካው። አስጠጋኝ። ገባ? … እስከ አንገቱ!

ያቺ ዱ-ዱም እንደገና መጣች። ስክሪን ሪደሩ ተከትሎ፣ ያው በእንግሊዝኛ፣ ያው በሚቸኩል አፉ፣ አጭር ነገር ተናገረ። ባዬ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

— ሰማህ? «ከአርባ አንድ አንደኛው» ነው ያለህ። ቅጂዎቹ አርባ አንድ ነበሩ? … አርባ አንድ ናቸው! አንድም አልጎደለ! … አልቅስ እንግዲህ፣ አሁን ይፈቀድልሃል። ብቻ ማጫወቻዋ ላይ አይንጠብ።

— አይ፣ አይ፣ አትክፈተው! … አውቃለሁ ልትሰማው እንደምትፈልግ። እኔስ? … መጀመሪያ ትቀዳዋለህ፣ ከዚያ ትሰማዋለህ። ከሞት አፍ የወጣ ሰው ወዲያው ዝፈን አይባልም። ኮንትሮልን ይዘህ ኤ። … ከዚያ ኮንትሮልን ይዘህ ሲ። … አሁን ኮምፒውተሩ ላይ በስምህ ያለችውን ፎልደር ክፈት፤ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ። … በል ይቁጠር። ስንት አለ? … አምስት በመቶ። ይሂድ። እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ።

— መሰረት ምን አለች? … ስድስት ሊሆን ነው? … ንገራት፣ አሥር ደቂቃ፣ ስለ ሆሣዕና ብላ። … «ቁልፉ የእኔ ነው፣ ማን ያስቸኩለኛል» አለች? እንዲህ ያለች ሴት! … ሠላሳ። … ሃምሳ። … የየኔታ ነገር እንዴት ነው? እህል ይበላሉ? … አጥሚት። … አንተ ስታጠና ይሰማሉ? … ይሰማሉ፣ ግን አያርሙህም። … አዎ። … አዎ፣ እሱ ነው የሚከብደው። ሰባ ሦስት … ዘጠና … ጨረሰ? ጨረሰ! እህተ፣ ተቀዳ!

— አሁን ክፈት። የመጀመሪያውን፤ ኢንተር። … አስጠጋኝ።

ድምፁ በማጫወቻዋ፣ በኮምፒውተሩና በስልኩ አልፎ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የደረሰው። የኔታ ግን ራሳቸው ነበሩ። ያቺ በአፍንጫ በኩል ዞር ብላ የምትወጣ ድምፃቸው፣ ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ማጥራታቸው፣ ሁሉም ነበረ። ባዬ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። የዋዜማው ዜማ ግማሽ ላይ ሲደርስ መስመሩ ተንገራገጨና ድምፁ ጠፋ። ባዬ ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም። ዜማውን ከተቋረጠበት አንሥቶ፣ መጎተት ያለበትን እየጎተተ፣ መሰበር ያለበትን እየሰበረ ሄደ። መስመሩ ሲመለስ የኔታም እዚያው ቦታ ላይ ነበሩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ጨረሱ።

— … እ? … ምን አልህ? … ምንም፣ ቀጣዩን ክፈት። … ከየት ያዝሁት? … ሰው ሲያዜም ሰምቼ ነዋ። … ስመኘው፣ ክፈት። … እንዴት አወቅህ? … አዎ፣ ያቺን ቦታ እንዲያ የሚሰብራት ሌላ ሰው የለም። ልክ ነህ።

እህተ ማርያም እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች።

— እሺ። አንተም ስለ ሸሚዙ እውነቱን ነግረኸኛል። … የኔታ ናቸው ያስተማሩኝ። … አዎ፣ የኔታ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈው። በሃያ አራት ዓመቴ። … «ለምን አልነገርኸኝም?» ምን ብዬ ልንገርህ? … የሆሣዕናን ዋዜማ ጨርሰን፣ «የሌሊቱን ነገ እንጀምራለን» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከተማ ውስጥ ለማያዩ ሰዎች በጣት የሚነበብ ጽሑፍ እንደሚያስተምሩ ሰምቼ ነበር። ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሳልሰናበት። ጉልበታቸውን ሳልስም፣ ሳይመርቁኝ። … አዎ። ተማሪ ከመምህሩ ቤት እንዲያ አይወጣም። ታውቀዋለህ፣ አውቀዋለሁ።

— አልፈራኋቸውም። … «አትሂድ» ይሉኛል ብዬ አልነበረም። «ሂድ ልጄ» ቢሉኝ፣ እግሬ እንቢ እንዳይለኝ ነው የፈራሁ። … ከዚያማ ዓመቱ ዓመት ወለደ። በመጀመሪያው ዓመት ያልሄድሁበትን በአሥረኛው በምን ፊት እሄዳለሁ? …

— አይ፣ ላስተምርህ አልችልም ነበር። ዋዜማው ድረስ ነው የማውቀው። የሌሊቱን ሰምቼው አላውቅም። … አንድም ቀን። ሌላ ቦታ እንኳ ሲያዜሙት ስሰማ ጆሮዬን እይዝ ነበር፣ የእሳቸውን እንዳያበላሽብኝ። … ስንተኛው ነው የሌሊቱ? … አሥራ ዘጠነኛው። … ይቻላል? ካርድህ አያልቅም? … በል ክፈትልኝ። ስልኩን አስጠግተህ አስቀምጠውና ሂድ ውሃ ጠጣ።

ስመኘው ግን አልሄደም፤ መሰረትም አልሄደች። ፍኖተ ሰላም ላይ የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሊጠራቸው መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። የኔታ የሌሊቱን ጀመሩ። ባዬ በዚህኛው አልተከተለም፤ አፉን እንደ ተማሪ ገጥሞ፣ በጣቱ ብቻ ጉልበቱ ላይ እየመታ አዳመጠ። አንድ ጊዜ ዜማው የሚታጠፍ መስሎት ጣቱን አነሣ፤ የኔታ ግን አላጠፉትም፣ ወደ ላይ ይዘውት ወጡ። ባዬ ራሱን ነቀነቀ። ሲያልቅ ስልኩን ወደ አፉ መለሰ።

— … አለሁ። አለሁ፣ እሰማሃለሁ። … እንዲያ ይሄዳል ለካ። እኔ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። … ይሁን። …

— ስማ አሁን። ማጫወቻዋን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክታ እስክትጠግብ ተዋት። መሰረት በራሷ ስልክም ትቅዳው። … ፈቃደኛ ናት? ጎሽ። አንተ ግን በዚህ አትዘናጋ። ኮምፒውተርም ይበላሻል፣ ማጫወቻም ይታጠባል። አንተ ውስጥ የገባውን ግን ሳሙና አያገኘውም። ስምንት ቀን አለህ፤ በቀን ስድስት ስድስት ብትይዝ ይተርፍሃል። ሲያስቸግርህ ደውል። ዋዜማውን እኔ አርምሃለሁ። የሌሊቱን አብረን እንማራለን።

— ማታ ትመለሳለህ ወደ ደብር? … ለኒቆዲሞስ፣ አዎ። … እንግዲያ አንድ ነገር። የኔታ ዘንድ ስትገባ መጀመሪያ ጉልበታቸውን ትስም የለ? … ከሳምህ በኋላ ድገመው። አንዱ የአንተ ነው። ሁለተኛው … ሄሎ? … ሄሎ፣ ስመኘው? … ሄሎ!

መስመሩ ተቆረጠ። እህተ ማርያም «ሰምቶሃል፣ ተነሥ እንሂድ» አለች። ባዬ ግን ስልኩን ዳስሶ ራሱ መልሶ ደወለ። አልገባም። ደገመ። በሦስተኛው ገባ።

— ሄሎ? ስመኘው? … የት ላይ ተቆረጠ? … «ሁለተኛው» ላይ። እሺ። ሁለተኛው የባዬ ነው በላቸው፣ ሳይሰናበት የወጣው። መልስ አትጠብቅ፤ መናገር አይችሉም፣ አታስቸግራቸው። በላቸውና ዝም በል። … እመጣለሁ፣ ለሆሣዕና እመጣለሁ። ግን ቃሌን ይዘህ አትቀመጥ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እመጣለሁ ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ባልመጣም፣ ብመጣም፣ አንተ ማታ ሳምልኝ። ዜማው ቢጠፋህ ተቀድቷል፣ ይቺ ግን የትም አልተቀዳችም። አስታውሳት ወንድሜ፣ እባክህ። … እሺ። … እሺ፣ ደህና ዋል።